በስልክ የታዘዘ ዕቃ ከገዢው ደጃፍ እስኪደርስ

ቀድሞ የአዲስ አበባ ነጋዴ ዕቃውን በመደርደሪያ ላይ አሰናድቶ፣ ገዢው በእግሩ መጥቶና ዳስሶ፣ በዋጋም ተከራክሮ እስኪገዛው ድረስ በሱቁ ተቀምጦ ይጠብቅ ነበር። የተሸጠውን ዕቃ ወደ ቤት የማድረሱ ነገር የገዢው ጉዳይ ነበር፤ ቢከብደው ተሸካሚ ይጠራል፤ ቢርቀው ታክሲ ይይዛል። ዛሬ ግን ነገሩ ተገልብጧል። ገዢው በቤቱ ወይም በመሥሪያ ቤቱ ሆኖ የዕቃውን ፎቶግራፍ በእጅ ስልኩ ይመለከታል፤ በቴሌግራም ወይም በሌላ የኢንተርኔት ገበያ ያዛል፤ ገንዘቡንም በዚያው በስልኩ ይልካል። ከዚያ በኋላ ያለው ድካምና ወጪ በሙሉ በሻጩ ትከሻ ላይ ያርፋል።

ለዚህ ዓይነቱ ንግድ ሕጉም ክፍያውም መልክ ይዘዋል። የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 ከወጣ ዓመታት አልፈዋል፤ ቴሌብር ከግንቦት ወር 2013 ዓ.ም. ጀምሮ በሥራ ላይ ይገኛል፤ ባንኮችም በየበኩላቸው ተከትለዋል። ገና ሥርዐት ያልያዘው የመጨረሻው ጉዞ ነው። አስመጪው ከጅቡቲ ወደብ እስከ አዲስ አበባ ላለው፣ ከ700 ኪሎ ሜትር ለሚበልጠው መንገድ፣ የመርከቡን፣ የትራንዚቱን፣ የጉምሩኩንና የጭነቱን ወጪ እስከ ሳንቲሙ ድረስ ያሰላል፤ ከመርካቶ እስከ አያት ላለችው አጭር መንገድ ግን ሒሳብ የሚይዝላት ሰው እምብዛም አይገኝም። ትርፉ በዚህች አጭር መንገድ ላይ ማለቁ የሚታወቀው በዓመቱ መጨረሻ መዝገብ ሲዘጋ ነው።

ብዙ ነጋዴዎች የዚህ ነገር መድኃኒቱ ተጨማሪ ሞተር ብስክሌት ወይም ዳማስ መግዛት፣ ወይም መንገድ የሚያወጣ የኮምፒዩተር ፕሮግራም ማስገባት ይመስላቸዋል። ሁለቱም በየቦታቸው ጥቅም የላቸውም አይባልም። ነገር ግን ዕቃው የሚዘገየው፣ ወጪውም የሚበዛው፣ ብዙውን ጊዜ መኪናው ከመነሣቱ አስቀድሞ በትእዛዝ መቀበያው ጠረጴዛ ላይ በተፈጠረ ጉድለት ነው። መንገድ የሚወጣው ከመዝገብ ነው፤ መዝገቡ ጎደሎ ከሆነ የቱንም ያህል ፈጣን ሞተር ጎደሎውን አይሞላውም።

ከጉድለቶቹ ሁሉ የሚብሰው የአድራሻ ጉድለት ነው። በአዲስ አበባ አድራሻ የሚጻፈው ክፍለ ከተማ፣ ወረዳና የቤት ቁጥር ተብሎ ነው። ይህ ለግብርና ለንግድ ፈቃድ ሥራ ይበቃ ይሆናል፤ ዕቃ ተሸክሞ ለሚሄድ ሰው ግን የሚሰጠው እርዳታ ጥቂት ነው። የቤት ቁጥር በመንገድ ተራ ያልተሰጠበት ሰፈር ብዙ ስለ ሆነ 412 ቁጥር ከ413 አጠገብ ላይገኝ ይችላል። በብዙ የንግድ ፈቃድ ላይማ በቤት ቁጥሩ ቦታ «አዲስ» የሚል ቃል ብቻ ተጽፎ ይገኛል፤ በአንድ ወረዳ ውስጥ «አዲስ» የተባሉትን ቤቶች ለይቶ የሚያውቅ ተላላኪ ከተገኘ ደመወዙ ሊጨመርለት ይገባል።

ነገሩ ሥር አለው። የፖስታ አገልግሎት በኢትዮጵያ የተቋቋመው በ1886 ዓ.ም. ቢሆንም ደብዳቤ ይደርስ የነበረው በአብዛኛው በፖስታ ሣጥን ቁጥር ነው፤ ባለደብዳቤው ራሱ ሄዶ ሣጥኑን ይከፍታል። በየቤቱ እየዞረ የሚያድል ፖስተኛ ስላልተለመደ ቤቶችን በመንገድ ተራ የመቁጠሩ ነገር አስቸኳይ ሆኖ ሳይታይ ቆየ። የንግድ ቤቶችም በደብዳቤያቸው ራስጌ ላይ የሚያትሙት የሣጥን ቁጥራቸውን እንጂ የደጃቸውን ቁጥር አልነበረም። ዛሬ ዕቃ በየደጃፉ ይድረስ ሲባል ያ ሳይሠራ የቀረው ሥራ ሁሉ ባንድ ጊዜ በተላላኪው ላይ ወረደ።

ስለዚህ ከተማው የሚታወቀው በምልክት ነው። «እህቴ፣ ጎሚስታው ጋ ደርሻለሁ።» «ከጎሚስታው ወደ ውስጥ ግባና፣ ዳቦ ቤቱን አለፍ ስትል ደውልልኝ።» እንዲህ እየተባለ ለአንድ ዕቃ ሦስት ጊዜና አራት ጊዜ ስልክ ይደወላል፤ በዚያም መካከል ሞተሩ በመንገድ ዳር ቆሞ ሰዓቱ ይሄዳል። ምልክቱም ቢሆን እንደ ቀድሞው አይጸናም። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በኮሪደር ልማት ምክንያት በፒያሳና በሌሎችም ሰፈሮች ብዙ አሮጌ ቤቶች ፈርሰዋል፤ ዶሮ ማነቂያን ከልጅነቱ ጀምሮ የሚያውቅ ሰው ዛሬ በቦታው ቢቆም የሚያውቀውን ደጃፍ አያገኝም። ገዢው ግን በልማዱ የፈረሰውን ቤት ምልክት አድርጎ ይናገራል፤ ከክፍለ ሀገር የመጣው ወጣት ተላላኪ ደግሞ ያን ቤት ቆሞ አይቶት አያውቅም። ሁለቱ በስልክ ሲነጋገሩ የሚሰማቸው ሰው ስለ ሁለት ከተማ የሚያወሩ ይመስለዋል።

በኮንዶሚኒየም ሰፈሮች፣ ማለት በጀሞ፣ በየካ አባዶ፣ በቱሉ ዲምቱና በመሳሰሉት፣ የብሎክና የቤት ቁጥር መኖሩ ትልቅ እፎይታ ነው። ሆኖም በዚያም የራሱ ችግር አለ። ሕንፃዎቹ ብዙዎቹ አሳንሰር የሌላቸው ባለ አራት ፎቅ ስለ ሆኑ፣ ተላላኪው ሞተሩን ከታች ያለጠባቂ ትቶ ሃያ አምስት ኪሎ ዱቄት ተሸክሞ አራተኛ ፎቅ ይወጣል፤ በሩን ሲያንኳኳ ቤት ውስጥ ሰው የለም። ይህ ሁሉ የሚድነው ትእዛዙ ሲመዘገብ «ስንተኛ ፎቅ ነው? ማን ይቀበላል?» ተብሎ በተጠየቀ ነበር።

እንግዲህ በትእዛዝ መዝገብ ላይ ሊገኝ የሚገባው ነገር ብዙ አይደለም። ገዢው በስልኩ ያለበትን ቦታ በካርታ ላይ አመልክቶ እንዲልክ መጠየቅ፣ ወጣቶቹ «ሎኬሽን ላክ» የሚሉት ማለት ነው፤ ዕቃው የሚደርሰው ግን ካዘዘበት መሥሪያ ቤት ሳይሆን ከቤቱ እንደ ሆነ የቤቱን ቦታ ለይቶ ማስላክ፤ በዛሬው ቀን ቆሞ የሚታይ አንድ ምልክት፤ የበሩ ቀለም፤ ፎቁ፤ እርሱ ባይኖር የሚቀበለው ሰው ስልክ። በካርታ ላይ ያለውን ቦታ በአጭር ምልክት የሚያስጽፈው ፕላስ ኮድ የተባለው ዘዴም ያለ ክፍያ ይገኛል፤ በወረቀት መዝገብ ላይ እንኳ በእጅ ሊጻፍ ስለሚችል ኮምፒዩተር የሌለውን ባለሱቅ አይከለክለውም። ዋናው ነገር አንድ ጊዜ በትክክል የተመዘገበ ደንበኛ ለሁለተኛው ትእዛዝ እንደ ገና የማይጠየቅ መሆኑ ነው። ብዙ ሱቆች ይህን ዕውቀት በተላላኪው ጭንቅላት ብቻ ያስቀምጡታል፤ ተላላኪው ሥራ የለቀቀ ቀን የሱቁ ደንበኞች መዝገብ አብሮት ይሄዳል። እርግጥ ይህን የመሰለ መዝገብ በአደራ የሚያዝ ነው፤ በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 የሰውን ስልክና መኖሪያ እንደ ማስታወቂያ ወረቀት ለማንም መበተንን አይፈቅድም። በጥቅሉ ላይም የገዢዋን ሙሉ ስምና ስልክ በትልቁ መጻፍ ነውር መሆኑን መናገር ባላስፈለገ ነበር።

ዕቃ ሳይቀበሉት የተመለሰበት ጉዞ ምን ያህል እንደሚያስከፍል በምሳሌ ቢታይ መልካም ነው። አንድ ዳማስ ከነአሽከርካሪውና ከነነዳጁ በቀን 3,000 ብር ያስወጣል ቢባልና በዚያ ቀን 30 ዕቃ ቢያደርስ፣ ለአንዱ ዕቃ 100 ብር ይወድቅበታል። ከሠላሳው ስድስቱ አድራሻቸው ጠፍቶ ወይም ተቀባይ ታጥቶ ቢመለሱ፣ ያው 3,000 ብር ለ24 ዕቃ ይካፈልና የአንዱ ወጪ 125 ብር ይሆናል። ነገሩ በዚህ አያበቃም፤ ስድስቱ በማግስቱ እንደ ገና ሲጫኑ የማግስቱን ስድስት ደንበኞች ቦታ ይይዛሉ። እንዲህ ያለው ሱቅ ሌላ ዳማስ ቢገዛ ስሕተቱን በሁለት መኪና ከማዞር በቀር የሚያተርፈው የለም።

አድራሻው ከተስተካከለ በኋላ ተራው የቅደም ተከተሉ ነው። በብዙ ሱቅ ያለው ልማድ ትእዛዝ በመጣበት ተራ መላክ ነው፤ ቀድሞ የደወለ ቀድሞ ይደርሰዋል። ይህ ለፍርድ ቤት ወረፋ የተገባ ሥርዐት ሊሆን ይችላል፤ ለመንገድ ግን ጥፋት ነው። በመርካቶ ለሚገኝ ሱቅ በአንድ ጧት አምስት ትእዛዝ መጣለት ይባል፤ መጀመሪያ ከአያት፣ ከዚያ ከጀሞ፣ ከዚያ ከሲኤምሲ፣ ከዚያ ከሳሪስ፣ በመጨረሻ ከሰሚት። በመጡበት ተራ የተላከ ሞተር ከተማውን ከምሥራቅ ወደ ደቡብ ምዕራብ፣ ተመልሶም ወደ ምሥራቅ፣ ደግሞ ወደ ደቡብ፣ እንደ ገናም ወደ ምሥራቅ ሲያቋርጥ ይውላል። የአያቱ፣ የሲኤምሲውና የሰሚቱ ዕቃ ባንድ ጎዳና ያሉ ናቸው፤ የሳሪሱና የጀሞው በሌላ ጉዞ ይያያዛሉ። ዐዋቂ የታክሲ ረዳት ይህን ሳይነገረው ያውቀዋል።

ትእዛዙ ሲበዛ ግን በዐይን አይቶ መደልደል ያስቸግራል። አሥር ደንበኞችን በተለያየ ቅደም ተከተል ለማዳረስ 3,628,800 ዓይነት መንገድ አለ፤ አሥራ ሁለት ሲሆኑ ቁጥሩ 479,001,600 ይደርሳል። ይህ ነገር ሊቃውንቱን ያሳሰበው ኢንተርኔት ሳይታሰብ ነው። በአሜሪካ ዳንትዚግና ራምሰር የተባሉ ሁለት ሰዎች እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ1959 ዓ.ም. ከአንድ የቤንዚን ማከፋፈያ የሚነሡ ቦቴዎች ብዙ ማደያዎችን በአጭር መንገድ የሚያዳርሱበትን ስሌት አሳትመዋል። ከአምስት ዓመት በኋላ ደግሞ በእንግሊዝ አገር ክላርክና ራይት የሚባሉ ሰዎች ቀለል ያለ ዘዴ አወጡ፤ ይህ ዘዴ በእርሳስና በወረቀት ሊሠራ የሚችል ስለ ሆነ ለባለሱቅ የሚጠቅመው ይኸኛው ነው።

ዘዴው ይህ ነው። ከሱቁ እስከ አንደኛው ደንበኛ 12 ኪሎ ሜትር፣ እስከ ሁለተኛው 14 ኪሎ ሜትር ነው ቢባል፣ ለየብቻቸው ደርሶ መልስ ቢኬድ 52 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ሁለቱ ደንበኞች እርስ በርሳቸው በ4 ኪሎ ሜትር ቢራራቁና ባንድ ጉዞ ቢደረስላቸው ግን 12፣ 4 እና 14 ተደምሮ 30 ይሆናል፤ የተቆጠበው 22 ኪሎ ሜትር ነው። አሁን ደግሞ አንዱ በ12 ኪሎ ሜትር በምሥራቅ፣ ሌላው በ11 ኪሎ ሜትር በደቡብ ቢሆኑና በመካከላቸው 20 ኪሎ ሜትር ቢኖር፣ ለየብቻ 46፣ ባንድ ላይ 43 ኪሎ ሜትር ይሆናልና የሚቆጠበው 3 ብቻ ነው። እንግዲህ ጸሐፊው ደንበኞችን ጥንድ ጥንድ አድርጎ የሚቆጠበውን እያሰላ፣ ብዙ የሚያስቆጥቡትን አስቀድሞ ያያይዛል፤ መኪናው የሚችለው ጭነት ሲሞላ ያን ጉዞ ይዘጋል። ብዙ ሰው በልማድ የሚሠራው «ከሁሉ ወደሚቀርበው ሂድ፤ ከዚያም ወደሚቀርበው» የሚለው አካሄድ መጀመሪያ ላይ ያማረ ይመስላል እንጂ፣ ጥግ ጥጉን ለመጨረሻ ሰዓት እያስቀረ ከምሽቱ መጨናነቅ ጋር ያገናኘዋል።

ከዚህ ላይ ከተማው ጠፍጣፋ ወረቀት አለመሆኑን ማሰብ ያስፈልጋል። ቀለበት መንገድ ላይ ማዶ ለማዶ የሚታይ ቤት መሻገሪያ እስኪገኝ ድረስ ብዙ ያስዞራል። ቀላል ባቡሩ በመስከረም ወር 2008 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ፣ ሐዲዱ በመካከላቸው በሚያልፍባቸው ጎዳናዎች ወደ ግራ መታጠፍ የሚቻለው በተወሰነ ቦታ ብቻ ነው። ከመገናኛ ወደ አያት የሚወስደው ጎዳና እንዲህ ነው። ስለዚህ ወደ አያት የሚሄድ መኪና ሲሄድ በቀኝ እጁ ያሉትን የሰሚት በኩል ደንበኞች፣ ሲመለስ ደግሞ ከሐዲዱ ማዶ ያሉትን ቢያዳርስ፣ በካርታ ላይ የተጠማዘዘ ቢመስልም በእውነቱ ያጠረ መንገድ ይሄዳል። በአሜሪካ ዩ.ፒ.ኤስ. የተባለው ታላቅ የዕቃ አድራሽ ኩባንያ መኪናዎቹ በተቻለ መጠን ወደ ግራ እንዳይታጠፉ ማድረጉ የታወቀ ነው፤ ወደ ግራ ለመታጠፍ ቆሞ መጠበቅ ነዳጅም ጊዜም ይበላል፤ አደጋም ያመጣል። ኩባንያው ኦራዮን ብሎ በሰየመው የመንገድ ማውጫ ፕሮግራም በዓመት ወደ 100 ሚሊዮን ማይል የሚጠጋ ጉዞ መቆጠቡን ገልጿል። ይህን የመሰለ ፕሮግራም ለአዲስ አበባ ሱቅ ከመታሰቡ በፊት ያው የቀኝና የግራ ነገር በእርሳስ ሊሠራ ይችላል።

የዕቃው አጫጫንም ከዚሁ ጋር ይሄዳል፤ መጨረሻ የሚወርደው መጀመሪያ ይጫናል። ይህን ያልጠበቀ አሽከርካሪ በየደንበኛው በር ግማሹን ጭነት አውርዶ መልሶ ሲጭን ይታያል። ወደ ሽሮ ሜዳና ወደ ፈረንሳይ ለጋሲዮን ዳገት የሚወጣ መኪናም መንገዱ ካልከለከለው ከባዱን ዕቃ አስቀድሞ በሜዳው ሰፈር ቢያራግፍ ይሻለዋል።

ስለ ሰዓት ብዙ መባል የሚገባው ነገር አለ። ከጧቱ 1 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት፣ እንደዚሁም ከቀኑ 10 ሰዓት እስከ ምሽቱ 1 ሰዓት ድረስ መንገዱ የሠራተኛና የተማሪ ነው፤ በዚህ ሰዓት ከተማ አቋርጦ ለመሄድ መነሣት ነዳጅ ማፍሰስ ይሆናል። ለመሥሪያ ቤት የሚሄደው ዕቃ ከረፋዱ 3 ሰዓት በኋላ፣ ለመኖሪያ ቤት የሚሄደው ደግሞ ተቀባይ ወደሚገኝበት ሰዓትና ወደ ቅዳሜ ቢመደብ ሁለቱም አይጋጩም። ከውጭ አገር በመጡት ፕሮግራሞች ላይ የሚታየው ሰዓት በፈረንጅ አቆጣጠር መሆኑም ብዙ ጠብ አስነሥቷል፤ ገዢዋ «በ3 ሰዓት» ብላ ስትጽፍ ረፋድ ማለቷ ነው፤ ፕሮግራሙ ግን ከቀኑ 9 ሰዓት ብሎ ይይዘዋል። መዝገብ ያዡ «ጧት» ወይም «ከሰዓት በኋላ» የሚል ቃል ቢጨምርበት ይህ ሁሉ ክርክር አይኖርም ነበር። ከሁሉም በላይ ትእዛዝ የሚዘጋበት የታወቀ ሰዓት ያስፈልጋል። እስከ 5 ሰዓት የመጣ በዚያው ቀን፣ ከዚያ በኋላ የመጣ በማግስቱ ይሄዳል ብሎ የቆረጠ ሱቅ ብቻ ነው ደንበኞችን አያይዞ መላክ የሚችለው። «አሁኑኑ» ያለውን ሁሉ አሁኑኑ የሚልክ ሱቅ ግን መንገድ የማውጣት ዕድሉን በገዛ እጁ አሳልፎ ይሰጣል።

አንዳንድ ነጋዴዎች በዚህ ላይ የሚያነሡት ተቃውሞ አለ፤ ገዢው ከሁለት ሰዓት በላይ አይጠብቅም፣ ሌላ ሱቅ ያገኛል ይላሉ። ለበሰለ ምግብና ለመድኃኒት እውነት ነው። ለጫማ፣ ለድስት፣ ለመጋረጃ፣ ለስልክ መሸፈኛ ግን ገዢውን የሚያስቆጣው በማግስቱ ይደርስዎታል መባሉ ሳይሆን ዛሬ ይደርስዎታል ተብሎ አለመድረሱ ነው።

ከዚሁ ጋር «በነፃ እናደርሳለን» የሚለው ማስታወቂያ ይነሣል። በነፃ የሚሄድ መኪና የለም፤ ወጪውን ወይ ገዢው በዋጋው ውስጥ፣ ወይ ነጋዴው ከትርፉ፣ ወይ ተላላኪው ከእንቅልፉ ይከፍለዋል። ሰፈር ለሰፈር ተለይቶ የወጣ ግልጽ የማድረሻ ዋጋ ከዚህ ይልቅ የተከበረ አሠራር ነው፤ ደንበኛው በራሱ ሰፈር መኪና የሚመጣበትን ቀን ከመረጠ ዋጋው ቢቀንስለት፣ ገዢው ራሱ መንገድ በማውጣቱ ሥራ ይተባበራል። ለምሳሌ ማክሰኞና ዓርብ ለምሥራቁ በኩል፣ ሰኞና ኀሙስ ለጀሞና ለለቡ፣ ረቡዕ ለኮልፌና ለዓለም ባንክ ቢባል፣ በጥቂት ሳምንት ውስጥ ደንበኛው ቀኑን ይለምደዋል፤ እንደ ገበያ ቀን ማለት ነው።

የተላላኪው ነገር ሳይነሣ መታለፍ የለበትም። በኪሎ ሜትር የሚከፈለው ሰው መንገድ ሲረዝም ደስ ይለዋል፤ በዕቃ ቁጥር ብቻ የሚከፈለው ደግሞ በቀይ መብራት ለማለፍ ይፈተናል። የተቆረጠ የቀን ደመወዝ ኖሮት በትክክል ለተረከበለት ዕቃ ጥቂት ጭማሪ የሚያገኝ ሰው ግን የነጋዴውም የገዢውም ወዳጅ ይሆናል። በ2011 ዓ.ም. መጨረሻ በአዲስ አበባ የሞተር ብስክሌት እንቅስቃሴ ከተገደበ ወዲህ ያለ ፈቃድ በተላላኪነት የሚሮጥ ሞተር ዕቃውን ይዞ ሊያዝ እንደሚችል ነጋዴው ያውቃል፤ ዐውቆም «የእርሱ ጉዳይ ነው» ማለቱ አያስመሰግነውም። የተያዘው ዕቃ የሱቁ ነው፤ በክረምት ዝናብ ተንሸራትቶ የሚወድቀውም የሰው ልጅ ነው። ነዳጅ የሚጠቀሙ የግል አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ በ2016 ዓ.ም. ከተከለከለ ወዲህ ደግሞ ለዚህ ሥራ በኤሌክትሪክ ወደሚሄዱት የሚያመለክት ነጋዴ እየበዛ ነው፤ ባትሪው የሚያስኬደው ርቀት የተወሰነ ስለ ሆነ፣ ያለ ሥርዐት መዞር በእነዚህ ላይ ከቀትር በኋላ በመንገድ ዳር መቆምን ያመጣል።

ብቻውን አምስትና ስድስት ዕቃ ለሚልክ አነስተኛ ሱቅ እስካሁን የተባለው ሁሉ ብዙም ላይጠቅመው ይችላል፤ የሚያያይዘው ደንበኛ የለውምና። ለእርሱ የሚበጀው ከጎረቤቱ ጋር መያያዝ ነው። በቦምቤይ ከተማ ዳባዋላ የሚባሉት የምሳ ዕቃ አመላላሾች እንደ አውሮጳ አቆጣጠር ከ1890 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ይህን ሲሠሩ ኖረዋል። ከ2020ው ወረርሽኝ በፊት ወደ 5,000 የሚሆኑ ሰዎች በየቀኑ ወደ 200,000 የሚጠጋ የምሳ ዕቃ ከየቤቱ ሰብስበው፣ በባቡርና በብስክሌት አጓጉዘው፣ ለየባለቤቱ በመሥሪያ ቤቱ ያደርሱ ነበር። ያለ ኮምፒዩተር ነው። በክዳኑ ላይ በቀለም የሚጻፍ አጭር ምልክት ዕቃው የተነሣበትን ሰፈር፣ የሚወርድበትን የባቡር ጣቢያ፣ ሕንፃውንና ፎቁን ይናገራል፤ እያንዳንዱም ሰው የራሱ ሰፈር አለው፤ ከሰፈሩ አይወጣም፤ ሰፈሩንም በጨለማ ያውቀዋል። ዕቃው ከሰው ወደ ሰው ይተላለፋል እንጂ አንድ ሰው ከተማውን ሁሉ አይዞርም።

በመርካቶ አንድ የገበያ አዳራሽ ውስጥ ያሉ ሃያ ሱቆች በየቀኑ ወደ አያት ሃያ ሞተር ከሚልኩ፣ ሃያውንም ጥቅል የሚጭን አንድ መኪና በጋራ ቢይዙ የሚቆጠበውን ማንም ሊገምት ይችላል። በአያት በኩልም ዕቃው በየደጃፉ ሳይሄድ ለአንድ ለታወቀ የሰፈር ሱቅ ተሰጥቶ፣ ገዢው ወደ ቤቱ ሲያልፍ ቢወስደው፣ ባለሱቁ ለጥበቃው ጥቂት ብር ያገኛል፤ አብሮም ዳቦና ስኳር ይሸጥለታል። «ጎረቤቴ ደንበኞቼን ያውቅብኛል» የሚለው ፍርሀት በመርካቶ የቆየ ነው፤ ያለ ምክንያትም አይደለም። ነገር ግን ጥቅሉ ታሽጎ በላዩ ላይ ቁጥር ብቻ ቢጻፍበት፣ ስምና ስልክ የተጻፈበት ዝርዝር በአሽከርካሪው እጅ ብቻ ቢሆን፣ ጎረቤት የሚያውቀው ነገር አይኖርም። ሥራውን ለዕቃ አድራሽ ድርጅት መስጠትም ለብዙዎች የተሻለ ሊሆን ይችላል፤ ይሁን እንጂ ድርጅቱም ቢሆን ጎደሎ አድራሻ ከተሰጠው ዕቃውን መልሶ ያመጣና የመመለሻውን ዋጋ ከሱቁ ይጠይቃል። መዝገቡን የማስተካከል ግዴታ ለሌላ ሰው አይሸጥም።

አንድ ነገር ግን ከነጋዴው ዐቅም በላይ ነው። አዲስ አበባ መንገዶቿ በታወቀ ቀን የሚዘጉባት ከተማ ናት። በመስቀልና በጥምቀት፣ በኢሬቻ፣ በታላቁ ሩጫ፣ በየካቲት ገደማ የአፍሪካ ኅብረት መሪዎች በሚሰበሰቡበት ሳምንት፣ እንደዚሁም ለመንገድ ሥራ ሲባል በየጊዜው የሚዘጋው መስመር ብዙ ነው። ማስታወቂያው በቴሌቪዥን ወይም በፌስቡክ ሲወጣ ግን ዕቃው ተጭኖ፣ ለደንበኛውም ቃል ተሰጥቶ ያለቀበት ጊዜ ነው። የንግድ ምክር ቤቱ ከትራፊክ ማኔጅመንት ባለሥልጣንና ከፖሊስ ጋር ተነጋግሮ በመጪው ሳምንት የሚዘጉትን መንገዶችና ሰዓታቸውን፣ ከባድ የጭነት መኪና የሚፈቀድበትንና የማይፈቀድበትን መስመር ጭምር፣ በዚህ ጋዜጣ አንድ ዐምድ ላይ ቢያሳትም ወጪው የወረቀት ያህል ነው። ዝርዝሩ ዓርብ ከሰዓት በኋላ በየሱቁ ከደረሰ፣ ጸሐፊው ቅዳሜ ከመዝጋቱ በፊት የሰኞውን መንገድ አውጥቶ ለአሽከርካሪው ሊያስረክበው ይችላል።